ኤሊ ያነጣችው ልጅ

«በረኪና ነው ያስነካቻቸው። ግቢ በምታጥብበት በረኪና ጀርባቸውን ፈግፍጋ ነው እንዲህ ያነጣቻቸው። ያቺ ልጅ ዛሬውኑ ወደ እናቷ ትሂድልኝ።»

ጀርባቸው ነጣ የተባሉት ኤሊ ናቸው። «ያቺ ልጅ» የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ማና እባላለሁ። ይህን የሰማሁት ጠዋት፣ ባጃጆች መንጫጫት ሲጀምሩ፣ ፍራሼ ላይ እንደተጋደምኩ ነው። የምተኛበት ዕቃ ቤት ከአክስቴ ከአዜብና ከባለቤቷ ከጋሼ ወልደገሪማ መኝታ ክፍል የሚለየው በአንድ ቺፑድ ነው። ቺፑዱን የመቱት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። ወልድያ ላይ የታወቀ የቀለምና የቆርቆሮ ሱቅ ያላቸው ሰው የራሳቸውን ቤት የሚጠግኑት ከሱቅ በተረፈ ቁራጭ ስለሆነ፣ ከላይ በኩል ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። በዚያ ክፍተት የከተማውን ወሬ ሁሉ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ የማን ልጅ ሽማግሌ እንደተላከባት፣ የማን ሱቅ እንደከሰረ፣ የትኛው ጎረቤት ለለቅሶ መጥቶ ከሟች ቤተሰብ በላይ እንደበላ። ስለ እኔ ሲወራ ግን የመጀመሪያው ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ለካ በዚህ ቤት እኔም እታወሳለሁ። ደስታዬ «ትሂድልኝ» እስክትል ድረስ ነው የቆየው። ጋሼ ምን እንደሚመልሱ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ጋሼ አሳላቸው። አክስቴ «ምን ትላለህ?» አለች። ጋሼ ደግመው አሳላቸው። ከዚያ አልጋው ሲጢጥ አለና ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ ሽንት ቤት ሄዱ። ፍርዱ በዚሁ ጸና፤ አንድ ከሳሽ፣ አንድ ሳል፣ አንድ ሽንት ቤት።

ኤሊው ሻምበል ይባላሉ። «ይባላል» ብል አክስቴ ትቆጣለች። ድሮ ተራ ኤሊ ነበር አሉ፤ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከቆላ አምጥቶ ለጋሼ የሰጣቸው፣ አሁን አዲስ አበባ የምትማረው ልጃቸው ፊዮሪ ሕፃን ሳለች እላዩ ላይ ቆማ የምትጫወትበት። ማዕረግ ያገኘው ከተማው ሁሉ በጦርነቱ ሸሽቶ የተመለሰ ጊዜ ነው። አክስቴ ከደሴ ስትገባ በሩ ተገንጥሎ፣ ሳሎኑ ተራቁቶ፣ ማንኪያ እንኳ ሳይቀር ተወስዶ ጠበቃት። ባዶ ቤት መሃል ቆማ ስታለቅስ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ሥር ኤሊው አንገቱን ብቅ አደረገ። ለእኔ ቢሆን ከዝርፊያው የሚሸከመው ሰው ያጣ ዕቃ ነው። አክስቴ ግን «ቤቴን የጠበቀልኝ እሱ ብቻ ነው» ብላ ሻምበል አለችው። ጎረቤቷ እትዬ አማከለች ለቀልድ አንቱ ማለት ጀመረች፤ ቀልዱ ሲቆይ ሥርዓት ሆነ። አሁን በዚያ ግቢ አንቱ የሚባሉት ጋሼና ኤሊው ናቸው፤ ከሁለቱ ቁርስ ቀድሞ የሚቀርብላቸው ደግሞ ጋሼ አይደሉም።

ሻምበል መንጣት የጀመሩት በክረምቱ ነው። መጀመሪያ ጀርባቸው ላይ ባሉት ጡብ ጡብ የሚመስሉ ክፍሎች መሃል ቀጭን ነጭ መስመር ወጣ፤ እኔማ ያጌጡ መስሎኝ ነበር። መስቀል ሲደርስ ግን ነገሩ ተበላሸ። ጀርባቸው ጭጋግ እንደለበሰ መስታወት ደበዘዘ፣ አንዳንድ ቦታ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፣ ከሥሩ ኖራ የመሰለ ነገር ብቅ አለ፣ ቀረብ ሲሏቸው ደግሞ ይሸታሉ። ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ሰው ለጥየቃ መጣ። አዎ፣ ለኤሊ ጥየቃ! ሙዝ ይዞ፣ ብርቱካን ይዞ። እትዬ አማከለችማ ትልቁን ጁስ ይዛ መጥታ፣ የውሃ ሮቶው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ «ሻምበል፣ ዛሬስ ቀመስ አደረጉ?» ትላለች፤ አክስቴም ከንፈሯን መጥጣ «ምኑን ቀመሱት፣ እህል ዘግቷቸዋል እንጂ» ብላ በእሳቸው ፈንታ ትመልሳለች። እኔ አምና በታይፎይድ ስተኛ «ተሻለሽ ወይ?» ያለኝ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ልጅ ነው። መድኃኒቱም ከየቤቱ ዘነበ። አንዷ ሎሚ እሹበት አለች፤ አንዷ ቫዝሊን፤ አንዷ ሐምራዊ የቁስል ቀለም አምጥታ ቀባቻቸውና ሻምበል ሰርገኛ መኪና መስለው ሰነበቱ። ዓይን ነው ያለችም ነበረች፤ ኤሊን በምን ቀንተው በዓይን እንደሚበሉት ግን አልነገረችንም። ጋሼ ብቻ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የሰው ግድግዳ ሲነጣ ካዩ ከመንገድ ገብተው የሚያማክሩ ሰውዬ፣ የራሳቸው ኤሊ ሲነጣ ጋዜጣ ያነባሉ።

በረኪናውን ያመጣችው እትዬ አማከለች ናት፤ በእጇ ሳይሆን በአፏ። «ለመሆኑ ይቺ ልጅ ግቢውን በምንድን ነው የምታጥበው?» አለች አንድ ቀን፣ ብርቱካን እየላጠች። አለቀ። በዚያ ግቢ በረኪና የምይዝ እኔ ብቻ ነኛ።

መርሳ መመለሱ አይደለም ያንገበገበኝ። መርሳ አገሬ ነው። እናቴ አስካለ ዋናው መንገድ ዳር ፍራፍሬ ትሸጣለች፤ ማንጎና ፓፓያ ጠግቤ ነው ያደግኩት። አክስቴ ከአምስተኛ ክፍል አንስታ ወደ ወልድያ ስታመጣኝ «የማታ ትምህርት አስገባታለሁ» ብላ ነበር፤ የማታው ትምህርት እስካሁን «በመጪው ዓመት» ነው፤ መጪው ዓመት ደግሞ በየዓመቱ ይመጣል። ስለዚህ የሚቀርብኝ ትምህርት እንኳ የለም። ያንገበገበኝ ጥፋተኛ ተብዬ መመለሴ ነው። መርሳ ላይ «ከወልድያ ተባረረች» ከተባለ «ምን አጥፍታ?» መባሉ አይቀርም፤ መልሱ «ኤሊ አንጥታ» ነው። ሌባ ብባል ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ ቢያንስ የበላው ነገር አለ። እናቴ ደግሞ «ልጄ ወልድያ ትማራለች» እያለች ለደንበኛ ሁሉ ስታወራ ኖራለች። ያንን ወሬዋን ውሸት አድርጌ የምገባው እኔ ነኝ፤ ያውም ከኤሊ ጋር።

ቁርስ ላይ ማንም ምንም አልነገረኝም። ሻይ የቀዳችው አክስቴ ናት፤ እሷ ራሷ፣ ለእኔ። ያኔ ነው ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ። የፓስታ ካርቶን ውስጥ ፎጣ አነጠፈች፣ ንጹሑን ፎጣ፣ እኔ እንዳልነካው የተነገረኝን፤ ሻምበልንም በሁለት እጇ አቅፋ አስቀመጠቻቸው። የእኔን ልብስ በጥቁር ፌስታል አድርጋ በሩ ሥር ጣለችው። «ጋሼሽ መርሳ ላለችው የእንስሳት ሐኪም ሊያሳያቸው ነው፤ አብረሽ ሂጂ። እናትሽም ሳትናፍቅሽ አትቀርም» አለች። ወልድያ ያሳየናቸው ሰው «እኔ የማክመው የሚታለብና የሚጠመድ ነው» ብሎ መልሶናል፤ ስለ መርሳዋ የነገራት አንድ የበሬ ነጋዴ ነው። «መቼ ነው የምንመለሰው እትዬ?» አልኳት፣ ሆን ብዬ። ፎጣውን አስተካከለች። «እነሱ ማታ ይመለሳሉ» አለች። እነሱ ማለት ጋሼና ኤሊው ናቸው። ጉንጬን ስትስመኝ ዓይኗ ካርቶኑ ላይ ነበር።

መናኸሪያ ስንደርስ የሚኒባሱ ረዳት ካርቶኑን አይቶ «ዕቃ ከላይ ነው የሚጫነው፣ ጋሼ» አለ። ጋሼ ቆጣ ብለው «ዕቃ አይደለም» አሉ። «ታዲያ ምንድን ነው?» «በሽተኛ ነው።» ረዳቱ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየና ሾፌሩን ተጣራ፦ «ቅዱስ! በሽተኛው ኤሊ ነው፤ ቀስ እያልክ ንዳ፣ ፍጥነት አልለመደም!» መኪናው በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴትዮ «ቆሞ ነው የሚሄደው ወይስ ወንበር ይዟል?» አለች። ጋሼ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አድርገው መስኮት ዳር ተቀመጡ፤ እኔ ታጣፊዋ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ፣ ፌስታሌን አቅፌ። ከተማውን ከወጣን በኋላ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ እኔ በረኪና አላስነካሁትም» አልኳቸው። አዩኝ። ከዚያ መስኮቱን አዩ። «ሲሪንቃ ደረስን» አሉ። ሲሪንቃ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ የምርምር ማዕከሉ ሠራተኞች እየወረዱ ነበር። መኪናው ሲነሳ «እርስዎ ግን ያምኑኛል አይደል?» አልኳቸው። «ዘንድሮ ማሽላው ጥሩ ነው» አሉ። እርሻ መሃል ስንገባ ለሦስተኛ ጊዜ አፌን ስከፍት ደግሞ ስለ ጤፉ ነገሩኝ። ጋሼ ስለ ግብርና ይህን ያህል እንደሚያውቁ እስከዚያች ቀን አላወቅሁም ነበር።

የሐኪሟ ቤት ከአንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ጀርባ የተዘረጋ የቆርቆሮ ዳስ ነው። በግ ይጮኻል፣ አህያ ትራገጣለች፣ ሰው በየጥጉ ከብቱን ይዞ ቆሟል። ጋሼ ኮት ለብሰው፣ ካርቶን ታቅፈው ሲገቡ ሁሉም ዘወር አለ። በሬ የያዘ አንድ ገበሬ አንገቱን አስግጎ አየና «ጌታው፣ ይሄ ይታለባል ወይስ ይጠመዳል?» አላቸው። «ሁለቱንም ነው፤ ግን ሰነፍ ሆኖባቸው ነው» አለ አጠገቡ ያለው። ጋሼ ሱቃቸው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይመልሱለት ነበር፤ እዚያ ግን የጫማቸውን ጫፍ አዩ። ዶክተር ዙልፋ የአንዲት ፍየል ሆድ ዳብሳ ስትጨርስ እጇን ታጥባ መጣች። ወፍራም፣ ፈጣን፣ ቦት ጫማዋ ላይ እበት የደረቀባት ሴት ናት። ሻምበልን ከካርቶኑ ብድግ አድርጋ ገለበጠቻቸው። በሕይወታቸው እንዲህ ተደፍረው አያውቁም፤ አራቱም እግራቸው አየር ቀዘፈ።

«ምን ይበላል?» አለች።

«የቀረበላቸውን» አሉ ጋሼ።

«ምን ይቀርብለታል?»

እኔ ነኝ የመለስኩት። «ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ጁስ፣ ዳቦ በሻይ። ጠያቂ ያመጣውን ሁሉ።»

«የምን ጠያቂ?»

«ታመዋል ሲባል የሚጠይቃቸው ሰው ነዋ።»

ሐኪሟ እኔን አየች፣ ጋሼን አየች፣ ኤሊውን አየች። «ሱብሃነላህ። እኔ ወልጄ ስተኛ ዳቦ በሻይ ያቀረበልኝ የለም» አለች። «ሆዱ የተበላሸውም በዚሁ ነው። ኤሊ የሚበላው ሣርና ቅጠል ነው።» ከዚያ ሻምበልን ወደ ብርሃኑ አውጥታ በጣቷ እያሳየች ማውራት ጀመረች፤ ለጋሼ ሳይሆን ለእኔ፣ ምናልባት እኔ ስለጠጋሁ። ጀርባቸው ላይ ያለው ነጭ አንድ ዓይነት አይደለም አለች። በጡቦቹ መሃል ያለው ቀጭን መስመር በሽታ አይደለም፤ ማደጋቸው ነው፤ ጥፍር ከሥሩ ሲወጣ እንደሚነጣው ነው። ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጤነኛ ነበሩ፤ እንዲያውም ደህና አድገዋል። «ይሄኛው ግን ሌላ ነው» ብላ በጥፍሯ ጫር ስታደርግ፣ ቡናማ ስስ ነገር እንደ ላስቲክ ተላጠ። አሸተተችው። ለእኔም አስጠጋችኝ። ሽታውን አወቅሁት፤ የሳሎናችን ወንበሮች ሽታ ነው።

«ቫርኒሽ ነው» አለች። «ከዚያ በፊት ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጓል፤ ይኸው ጭረቱ። ክረምት ነው፣ ጀርባው እርጥብ ነው፤ እላዩ ላይ ቫርኒሽ ሲደፋበት እርጥበቱ ከሥር ታፈነና ሻገተ። በረኪና ቢነካው እንዲህ አይሆንም። ማነው ይህን ያደረገው?»

ጋሼ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «ቤት ውስጥ መቼም ልጅ አይጠፋም» አሉ።

በዚያ ቤት ያለሁት ልጅ እኔ ነኝ። በረኪናው ሳያንስ አሁን ቫርኒሽም ተጨመረልኝ፤ እስከ ማታ ብንቆይ በጦርነቱ የፈረሰውን ድልድይም ያፈረስኩት እኔ ልሆን ነው። ሐኪሟ ግን ቀና ብላም አላየችኝ፤ ሕክምናውን መናገር ጀመረች። የተነሳውን ብቻ በጥርስ ብሩሽና ለብ ባለ ውሃ ቀስ እያሉ ማንሳት፤ በደንብ ማድረቅ፤ በውሃ የቀጠነ አዮዲን በጥጥ መቀባት፤ ደረቅ ቦታ ማሳደር፤ ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ፤ ሙዝ የሚባል ነገር አለማሳየት። በየቀኑ። ሁለት ወር፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ። ጋሼ «ሁለት ወር» ሲባል ቆይተው ቆይተው መታገሥ አቃታቸው። የሱቃቸው ዕቃ ነገር መጣባቸዋ።

«እንዴ፣ ለዚህ ሁለት ወር ምን አስጠበቀው?» አሉ። «በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ ራስ አድርጎ ጠረግ ነው እኮ። ወፍራም አይደለም፤ ሁለት እጅ ብቻ ነው የተቀባው። ሁለተኛው እጅማ እንዲያውም ሳስቷል።»

በሬ የያዘው ገበሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታው» አለ በትሕትና፣ «ሁለተኛው መሳሳቱን ከዚያ ሆነው በምን አዩት?»

እኔ አልሳቅሁም። እውነቴን ነው፤ ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ ቀኑን እያስታወስኩ ነበር። አክስቴ ለለቅሶ ቆቦ የሄደች ዕለት ነው፤ ጋሼ እኔን ወፍጮ ቤት ላኩኝ። ስመለስ የሳሎኑ ወንበሮች በረንዳው ላይ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ፤ ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «እንዳትነኪ፣ አልደረቀም» አሉኝ። ሻምበልን ያን ቀን አላየኋቸውም፤ ለካ እሳቸውም እየደረቁ ነበር። አሁን ጋሼ በቀይ ፊታቸው ለሐኪሟ ያስረዳሉ፦ ነጭ መስመሩን ሲያዩ ግድግዳ ጨው የሚተፋውን መሰላቸው፤ ለደንበኛ ሁሉ የሚመክሩት እንደዚያ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ፣ ሁለት እጅ አልብስ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያመሰግናቸው ኖሯል። ሐኪሟ «አኳራጅ ቢነካው ይሞትልዎታል» አለችና አዮዲኑን ሰጠቻቸው። ለእኔ ደግሞ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝ። ማንም ምንም ሳይነግራት እንዴት እንደገባት አላውቅም። ምናልባት ፌስታሌን አይታ ይሆናል።

ከዚያ እስከ እናቴ መደብ ድረስ በእግር ነው የሄድነው። ጋሼ ከዚያ በፊት ስሜን ጠርተው አያውቁም፤ «አንቺ» ወይ «ልጅቱ» ነው የሚሉኝ። አሁን «ማና» አሉኝ። «ዛሬውኑ አብረሽኝ ትመለሻለሽ። እኔ ሱቅ አለብኝ፣ አክስትሽ ወገቧን ያማታል፤ በየቀኑ ማን ሊቦርሸው ነው? ለአክስትሽ ሐኪሟ የአየር ጠባይ ነው አለች እንላታለን።»

«በረኪናውስ?»

«እሱ ይረሳል።»

«ማን ነው የሚረሳው ጋሼ?»

ዙሪያቸውን አዩ። እዚህ መሃል የሚጠቀስ ማሽላ አልነበረም። «ለእናቴ ይንገሩልኝ፤ ከዚያ እመለሳለሁ» አልኳቸው። «ሴት ልጅ እንዲህ ምላሷ ሲረዝም ጥሩ አይደለም» አሉኝ። የእሳቸው ብሩሽ ሲረዝም ግን ጥሩ ነው።

እናቴ ከሩቅ ፌስታሉን አየችው። እኔን ከማየቷ በፊት ፌስታሉን ነው ያየችው፤ ፊቷ እንዴት እንደወደቀ መቼም አልረሳውም። የብርቱካን ሣጥን ገልብጣ ለጋሼ መቀመጫ አደረገች፣ ለስላሳ አስመጣች፣ ፓፓያ ቆረጠች፤ እና ማንም ምንም ሳይላት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። «ልጅ ናት ጋሽ ወልዴ፤ ምን ብታጠፋ ነው? እታለም እንዳትቀየመኝ፤ እኔ እቀጣታለሁ፤ እባክዎን ይለምኑልኝ።» እታለም የምትለው አክስቴን ነው፤ ታላቋ ናት። ከእናታቸው ተዝካር እኔን ይዛኝ ከሄደች ወዲህ አክስቴ መርሳን ረግጣ አታውቅም፤ በዓል ሲደርስ ይደዋወላሉ፣ «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ልጆች ደህና» ተባብለው ካርዱ ሳያልቅ ይዘጋሉ። ጋሼ ፓፓያውን እየበሉ ይቅርታውን ተቀበሉ። በእውነት ተቀበሉ! ራሳቸውን እየነቀነቁ «ግድ የለም፣ ግድ የለም፣ ያልፋል» አሉ፤ ለእኔ ጥፋት ሳይሆን ለእሳቸው መሆኑን እናቴ ሳታውቅ። የቻልኩትን ያህል ጥርሴን ነከስኩ። ሻምበል ካርቶናቸውን ይቧጥጣሉ።

ስልካቸው ጮኸ። ጋሼ ስልክ የሚያወሩት ድምፁን ለቀውት ነው፤ ጆሯቸው ደህና ነው፣ ሱቅ ውስጥ ሰው እንዲሰማላቸው ሲሉ ለምዶባቸው ነው። የአክስቴ ድምፅ በመደቡ ላይ ተረጨ። «እህ፣ ምን አለች? በረኪና ነው አይደል?»

«እ... ሐኪሟ እንግዲህ...» አሉ ጋሼ።

«ቫርኒሽ ነው፣ እትዬ!» አልኩ፣ ለሐራ ከተማም ለወልድያም በሚሰማ ድምፅ። «ሁለት እጅ! ከወንበሮቹ የተረፈ ነው!»

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። ጋሼ ስልኩን እንደ ሞቀ ድንች ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወሩት። መንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና አለፈ፣ እስኪያልፍ ጠበቁ፤ ካለፈ በኋላም ሌላ ጠበቁ፤ አልመጣም። «እኔ ነኝ አዜብ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ቆቦ የሄድሽ ጊዜ። ነጣ ሲልብኝ... ለማሳመር ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች አክስቴ።

ጋሼ የስልኩን ፊት አዩት።

«የገባሁ ዕለት ሸቶኛል» አለች፤ ድምፅዋ እንዲያውም የሰለቸው ነበር። «አማከለች ለሰፈሩ ሁሉ በረኪና ነው ብላ አውርታ ጨርሳለች፤ እኔ ደግሞ ምን ልበል? ባሌ ኤሊ ቀባ ብዬ የከተማ መሳቂያ ልሁን? አንድ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ መሄድ ነበረበት። አንተን ወዴት ልመልስህ?»

ይህን ስሰማ የሚገርመው አልተናደድኩም። እንዲያውም ሒሳቡ ትክክል ነው። ባል መመለሻ አድራሻ የለውም፤ እኔ አለኝ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከፓፓያ ክምሩ አጠገብ። ያናደደኝ ቀጥሎ ያለችው ነው። «ማና እዚያ አለች? ንገራት፤ በቃ አለፈ፣ ትምጣ። ልብሱ ተከምሯል፣ ግቢውም ትናንት አልታጠበም።»

ጋሼ ደስ ብሏቸው ብድግ አሉ። «ይኸው፣ ተፈታ!» አሉ። ፌስታሌን እንኳ አነሱልኝ፤ እሳቸው የእኔን ዕቃ ሲያነሱ የመጀመሪያቸው ነው። እኔ እናቴን አየሁ። እናቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት። ከዚያ ፌስታሉን ከጋሼ እጅ ወስዳ ሣጥኖቹ መሃል አስቀመጠችና ስልኩንም ተቀበለቻቸው።

«አዜብ» አለች። እታለም አላለችም።

«አስኩ? አንቺ ነሽ? ደህና ነሽ፣ ልጆቹ...»

«ኤሊሽ እዚህ ነው የሚታከመው። ልጄም እዚሁ ናት፤ ነገ ትምህርት ቤት ሄጄ አስመዘግባታለሁ። ሲድንልሽ መጥተሽ ውሰጂው። አንቺ። ሰው እንዳትልኪ።»

«አስካለ፣ ምን ሆነሻል፣ እኔ እኮ እንደ ልጄ ነው...»

እናቴ ስልኩን ለጋሼ መለሰች። የአክስቴ ድምፅ እጃቸው ላይ ብቻውን እያወራ ቀረ፤ ጋሼ የቱን ተጭነው እንደሚዘጉት ጠፋቸው። ተቆጥታም ቢሆን እናቴ ማንጎ ሞልታ አስያዘቻቸው፤ ባዶ እጅ እንግዳ መሸኘት አታውቅም። ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ ካርቶኑን ፍለጋ እጃቸውን ወደ ጭናቸው ሲሰዱ አየሁ፤ ማንጎውን አቀፉ። ምን ብለው እንደሚገቡ እያሰቡ ነበር መሰለኝ። ግድ የለም፤ እስከ ወልድያ ድረስ ብዙ ማሽላ አለ።

እናቴ ወደ መደቧ ተመለሰች። ፀሐይ የሚያገኘውን የመደቡን ጥግ ከማንጎ ሣጥን አጸዳች፣ የጎመን ቅጠል ጣል አደረገች፣ ሐኪሟ ያዘዘችውን ስነግራትም የራሷን የጥርስ ብሩሽ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ሻምበልን አውጥቼ መቦረሽ ጀመርኩ። ቫርኒሹ ትንሽ ትንሽ እያለ ይነሳል፤ ከሥሩ የሚወጣው ጀርባ ጭረት በጭረት ነው፣ ግን የኤሊ ጀርባ ነው። «አንቱ» እያልኩ አላስቸገርኳቸውም፤ «ዙር ወዲህ» አልኩት፤ ዞረ። ጎመኑንም በላው፣ ማንም ሳይለምነው።

የእናቴ የዘወትር ደንበኛ ራሄል ፓፓያ ልትመርጥ መጣች። እኔ በእናቴ ጀርባ ላይ ሳለሁ ጀምሮ ከእሷ ነው የምትገዛው፤ ከእኛ ቤት የማታውቀው ነገር ቢኖር የድስታችንን ቁጥር ነው። ጎንበስ ብላ አየችን። «ይሄስ ይሸጣል?» አለች እየሳቀች።

«አይሸጥም» አለች እናቴ። «የእህቴ ነው። መጥታ ትወስደዋለች።»

ራሄል ፓፓያውን እንደያዘች ቀና አለች።

«አስካለ» አለች፣ «አንቺ እህት አለሽ እንዴ?» በዚያ ሁሉ ዓመት አክስቴን እዚያ መደብ ላይ አንድም ቀን አይታት አታውቅም።

እናቴ ፓፓያውን ከእጇ ተቀብላ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።